«ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች»፦ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይስተካከል ወይስ እንዳለ ይቅር?

አወያይ፦ የዛሬውን ጥያቄ ያመጣችው አንዲት የቡድናችን አባል ናት። በእንግሊዝኛ ኦ፣ ዩ፣ ጂ እና ኤች ተከታትለው ሲጻፉ ንባባቸው በየቃሉ ይለያያል። ሳል ሲሆን «ኮፍ»፣ ጠንካራ ሲሆን «ታፍ»፣ ምንም እንኳ ለማለት «ዞው»፣ በመካከል ማለፍ ሲሆን «ስሩ»፣ ማረሻ ሲሆን «ፕላው»፣ ሐሳብ ሲሆን ደግሞ «ሶት» ይባላሉ። የቋንቋው ባለቤቶች ይህን ማስተካከል አለባቸው ወይ? ጠያቂዋ ትጀምር። ስድብ የለም።

እናት፣ ቨርጂኒያ፦ እኔ ይስተካከል ባይ ነኝ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ስታነብ «ስሩ» የሚለው ቃል ላይ ደረሰችና «ስሩፍ» አለች። «አይደለም» ስላት «ታፍ ላይ እኮ ‹ፍ› በዪ ብለሽኛል» አለችኝ። ምን ልመልስላት? የተማረችውን ነው በሥራ ላይ ያዋለችው። ጥፋቱ የአጻጻፉ ሆኖ ሳለ ቀይ እስክሪብቶው የሚያርፈው እሷ ደብተር ላይ ነው። አማርኛ ሳስቆጥራት ግን «በ»ን አንዴ ለየች፣ አለቀ። የትም ብታገኛት «በ» ናት።

መምህር፣ ባሕር ዳር፦ እህቴ፣ ድካምሽ ይገባኛል። ግን ፊደሎቹ ያለ ምክንያት አልተቀመጡም። ጂ እና ኤች አንድ ላይ ድሮ የእኛን «ኽ» የሚመስል ድምፅ ነበራቸው። ጀርመኖች ሌሊትን ዛሬም «ናኽት» ይላሉ፤ እንግሊዞቹ «ናይት» ሲሉ ድምፁን ጣሉት፣ ፊደሉን ግን አስቀሩት። በአንዳንዱ ቃል ደግሞ ድምፁ ወደ «ፍ» ዞረ። አየርላንድ ውስጥ ሐይቅን በእነዚሁ አራት ፊደላት ጽፈው እስካሁን «ሎኽ» የሚሉ አሉ። ዊልያም ካክስተን በ1476 ዌስትሚኒስተር ላይ ማተሚያ ሲተክል እንግሊዝኛ አናባቢዎቹን እየለዋወጠ ነበር። ኅትመቱ አጻጻፉን ቀስ በቀስ አጸናው፤ አንደበቱ ግን መለወጡን አላቆመም። ስለዚህ የምናየው የቋንቋውን ዕድሜ ነው። ያንን መፋቅ አልደግፍም። ደግሞ አማርኛን እንዲህ አታሞግሺው፤ «ገና» ብለሽ ብትጽፊ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» ለማለት ፊደሉ አይነግረኝም። ማጥበቂያ የለንማ።

ተርጓሚ፣ ለንደን፦ መምህር፣ ዕድሜው ያስከብረዋል ካሉ ስህተቱስ? ስቅታ «ሂከፕ» ነው የሚባለው። ከሳል ጋር ዘመድ መስሏቸው መጨረሻው ላይ አራቱን ፊደላት ለጠፉበት። ንባቡ አልተለወጠም፤ ዝምድናም የለውም። ደስታ ማለት የሆነው «ዲላይት»ም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ብርሃን ከሚለው «ላይት» ጋር ስለተመሳሰለ ብቻ ጂ እና ኤች ተጨመረበት። እነዚህን ማቆየት የየትኛው ታሪክ ጥበቃ ነው? እዚህ አገር ጉዳዩ ፓርላማ ደርሶ ያውቃል። በ1949 የማሻሻያው ረቂቅ በ3 ድምፅ ብቻ ነው የወደቀው፤ 84 ለ87።

ሹፌር፣ ዳላስ፦ ሕዝቡ እኮ ጨርሶታል። መኪና ውስጥ ሆነህ ምግብ የምትገዛበት ቦታ ሁሉ ምልክቱ ላይ «ስሩ» ጂ እና ኤች ሳይኖሩት በአጭሩ ነው የተጻፈው። ዶናትም እንደዚያው፣ ዩ፣ ጂ እና ኤች ወልቀውለታል። ማን ፈቀደላቸው? ማንም።

ኢንጂነር፣ አዲስ አበባ፦ በማን አነጋገር ነው የሚስተካከለው? ጥንቁቅ የሚለውን ቃል የለንደኑ ሰው «ሳራ» ወደሚመስል ነገር ያነበዋል፤ የአሜሪካው «ሰሮ» ይላል። ድምፁን ተከትላችሁ ጻፉ ካልናቸው ሁለት ቃል ሆነ። አሁን ግን ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ያነባሉ። ከዚህ በፊት የታተመውስ ምን ይሁን? መልስ እፈልጋለሁ።

እናት፣ ቨርጂኒያ፦ ወንድሜ፣ ማረሻን አሜሪካኖቹ በኦ እና በደብሊዩ ይጽፉታል፣ እንግሊዞቹ በረጅሙ። ኖኅ ዌብስተርም በ1828 መዝገበ ቃላቱ አጭሩን ነው የያዘው። እስከ ዛሬ አንዱ የሌላውን ማንበብ አቅቶት አያውቅም። እኔ ቋንቋው ይፍረስ አላልኩም። አራት አምስት ቃል ቢቀል ምን ይጎዳል?

መምህር፣ ባሕር ዳር፦ ተሞክሯል። በ1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የመንግሥት ማተሚያ ቤቱ 300 ቃላትን በቀለለ አጻጻፍ እንዲያትም አዘዘ። ከጀርባው የአሜሪካዊው የብረት ከበርቴ የአንድሩ ካርኒጊ ገንዘብ ነበረ። ጋዜጦች ተሳለቁበት፤ በዚያው ዓመት ኮንግረሱ ትእዛዙን ገፋው። ቺካጎ ትሪቢዩንም ከ1934 ጀምሮ «ስሩ»ንም «ዞው»ንም አሳጥሮ ሲጽፍ ቆይቶ በ1975 ተወው። 40 ዓመት የሞከረ ትልቅ ጋዜጣ ካልቻለ ማን ይችላል?

ተማሪ፣ ጎንደር፦ ሁላችሁም የምታወሩት እንግሊዝኛን በጆሮው ስለሚሰማ ሰው ነው። እኛ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋውን የምናገኘው ግን ከመጽሐፍ ነው። ቨርጂኒያ ያለችው ልጅ ብትሳሳት ጓደኞቿን ሰምታ ታርማለች። እኛ ክፍል ውስጥ «ታፍ» ለረጅም ጊዜ «ቶግ» ሲባል ነበር፤ የሚያርመን ሰው ስላልነበረ። የአጻጻፉን ዋጋ አብዝቶ የሚከፍለው ከሩቅ ሆኖ የሚማረው ነው። ውሳኔው ላይ ግን ድምፅ የለንም።

አወያይ፦ ይህን ነጥብ እስካሁን ያነሳው አልነበረም። መምህር?

መምህር፣ ባሕር ዳር፦ ልክ ነው፣ ይህን አልክድም። ታሪኩን የምወደው ቀድሜ ስለተማርኩት ይሆናል። አሁንም በአዋጅ ይለወጥ አልልም፤ አዋጁ ሁለት ጊዜ ከሽፏል። ነገር ግን ሹፌሩ ያነሳው መንገድ ላይ ልስማማ እችላለሁ። ሕዝቡ የሚጽፈውን አጭር አጻጻፍ መምህራን እንደ ስህተት አይቁጠሩት።

ኢንጂነር፣ አዲስ አበባ፦ እኔ አልተስማማሁም። ሁለቱም ልክ ነው ከተባለ የጎንደሩ ልጅ ሁለት አጻጻፍ ሊያጠና ነው። ሸክሙ ጨመረበት እንጂ አልቀነሰለትም።

ተማሪ፣ ጎንደር፦ ለማንበብ ሁለቱን ባውቅ ይሻለኛል። ቢያንስ አጭሩ ድምፁን ይነግረኛል።

እናት፣ ቨርጂኒያ፦ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ የልጄን አስተማሪ እጠይቃታለሁ። ልጅቷ «ስሩ»ን በአጭሩ ከጻፈች እንዳይሰረዝባት።

መምህር፣ ባሕር ዳር፦ ጠይቂ። ግን ፈተና ላይ እስኪፈቀድ ድረስ ረጅሙንም አስጠኚያት።