ክፍት የሥራ መደብ ሲኖር የውስጥ ሠራተኛ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባልን?

ጥያቄ፦
የምሠራው በአንድ የአካባቢ መስተዳድር ሲሆን፣ የፈቃድና ምዝገባ ክፍል ኃላፊ መደብ በመለቀቁ የመራጭ ኮሚቴ አባል ሆኜ ተመድቤአለሁ። መደቡን ላለፉት 10 ወራት በተጠባባቂነት ይዞ የቆየ ባልደረባ አለን፤ ሥራውን ያውቃል፣ ባለጉዳዩም ለምዶታል። ከኮሚቴው ከፊሉ «ማስታወቂያ ማውጣት ጊዜ ማባከን ነው፣ በደረጃ ዕድገት ይሰጠው» ሲል፣ ከፊሉ ደግሞ ከሕዝብ ገንዘብ ደመወዝ የሚከፈልበት መደብ ለማንኛውም አመልካች ክፍት መሆን አለበት ብሎ ይከራከራል። የሁለቱም ክርክር ሚዛን ስለሚደፋብኝ፣ በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ እወዳለሁ።

ምላሽ (የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ)፦
ውድ ጠያቂ፣ የውስጥ ሠራተኛን ማወዳደርና መደቡን ለውስጥ ሠራተኛ መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ኮሚቴው የተከፋፈለው እነዚህን ሳይለይ ይመስለኛል። ለመጀመሪያው ጠንካራ ምክንያት አለ። ማቲው ቢድዌል የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ከውጭ የተቀጠሩ ሠራተኞች ወደ ተመሳሳይ መደብ ካደጉት የውስጥ ሠራተኞች 18 በመቶ ገደማ የበለጠ እየተከፈላቸው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ግን ያነሰ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ማግኘታቸውን አሳይተዋል። ጥናቱ የተካሄደው በኢንቨስትመንት ባንክ እንጂ በመስተዳድር ስላልሆነ እንዳለ አይገለበጥም፤ ሆኖም ከውጭ የመጣ ሰው የቤቱን አሠራርና ሰዎች እስኪያውቅ የሚባክነው ጊዜ በየትኛውም ቢሮ ያለ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የ10 ወሩ ተጠባባቂነት ነው። ባልደረባዎ ሲወከል ሌሎች ሠራተኞች እንዲወዳደሩ ተጠይቀው ነበርን? ካልሆነ ምርጫው የተካሄደው ያን ቀን ነው፤ ዛሬ «ልምድ አለው» የምንለውም እኛው ለእርሱ ብቻ የሰጠነውን ልምድ ነው። ስለዚህ በመደቡ ላይ መቀመጡ ብቻውን ነጥብ አያሰጠው፤ ተቀምጦ የሠራው ግን ይመዘን። የተፈላጊ ችሎታው ዝርዝርና የነጥብ አሰጣጡ የአመልካቾች ስም ከመታየቱ በፊት ይጽደቅ፤ መስፈርቱ በእርሱ ልክ የተሰፋ መሆን አለመሆኑም በዚያን ጊዜ ይፈተሽ። ከቃለ መጠይቁ ጎን ለሁሉም አንድ ዓይነት የተግባር ፈተና፣ ለምሳሌ የተጓተተ የፈቃድ ጥያቄን መዝገብ መርምሮ ውሳኔ መጻፍ፣ ቢሰጥ የአንደበተ ርቱዕነትን ሚዛን ይቀንሳል።

ምላሽ (የውጭ አመልካች)፦
ከበሩ ውጭ የቆምነውንም አስቡን። ሁለት ጊዜ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ፈተና ተቀምጬ፣ መደቡ አስቀድሞ ለተጠባባቂው ታስቦ እንደነበረ የሰማሁት ከዚያው ሠራተኞች ነው። የምትሰጡት ለእርሱ ከሆነ በደንቡ መሠረት በግልጽ አሳድጉት፤ ለይስሙላ ማስታወቂያ አውጥታችሁ የሰው ጊዜና ተስፋ አታባክኑ።

ምላሽ (የቀድሞ የመስተዳድር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ)፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ብቃት ማለት ሁልጊዜ የውጭ ማስታወቂያ ማለት አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. የ1989 የአካባቢ መስተዳድርና የቤቶች ሕግ በክፍል 7 የመስተዳድር ቅጥር በብቃት እንዲፈጸም ያዛል፤ ብቁ የውስጥ ተወዳዳሪዎች ካሉ በመካከላቸው የሚደረግ እውነተኛ ውድድርም ብቃትን ሊለይ ይችላል ባይ ነኝ። አንድ ሰው ሲያድግ የለቀቀው መደብ ስለሚከፈት፣ ለውጭ አመልካች በሩ በዚያ በኩል ይከፈታል። አመልካቹ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ውድድር የለምና ወደ ውጭ መውጣት ግድ ነው።

ሌላው የሚዘነጋው የተሸነፈው የውስጥ ተወዳዳሪ ነው። የውጭው አመልካች ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ይህኛው ግን በማግሥቱ ከአዲሱ አለቃው ጋር ሥራ ይገባል። ውጤቱን ከማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲያነብ አታድርጉት፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ አስቀድሞ ጠርቶ በየትኛው መስፈርት ስንት ነጥብ እንዳገኘ በቃለ ጉባኤው ላይ ተመሥርቶ ያስረዳው። እኔ ይህን ባለማድረጌ ጎበዝ ሠራተኛ አጥቻለሁ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወደኋላ ሄጄ እንዳጣራሁት፣ የውክልና ደብዳቤው ሲጻፍ ማንም አልተጠየቀም ነበር። ማስታወቂያው ለውስጥም ለውጭም በአንድ ቀን እንዲወጣ፣ የተግባር ፈተናውንም ከሌላ ክፍል የመጣ ባለሙያ እንዲያርም ለኮሚቴው ሐሳብ አቀርባለሁ። ለባልደረባዬ ይህን ማን ይንገረው የሚለው ገና አልተወሰነም።