የሸማቾች ማኅበሩ የዕቃና ሽያጭ ሲስተም፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ዓላማው የስኳርና የዘይት ጉድለቱን ማቆም ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ ዩፒኤስ፣ ባርኮድ ማንበቢያና ሶፍትዌር ይገዛል። የሰኔ 30 ቆጠራ የሐምሌ 1 መክፈቻ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ወረቀቱም ሲስተሙም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ማስተካከያ ያለው ይጻፍ።

መጋዘን፦ መጀመሪያ መለኪያውን ወስኑ። ስኳር በኩንታል ይገዛል፣ በ50 ኪሎ ጆንያ ይገባል፣ በኪሎ ይሸጣል። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ላይ «20» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ መዝጋቢው 20 ኪሎ ብሎ ያስገባዋል፤ ጆንያ ከሆነ ግን 1,000 ኪሎ ነው። ሱቁ 21ኛውን ኪሎ ሲሸጥ ሲስተሙ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያምነውም። መነሻው ኪሎ ይሁን፤ 1 ጆንያ 50 ኪሎ ተብሎ አንዴ ይሞላ።

ሒሳብ፦ የካሽ ሬጅስተሩ ዜድ ሪፖርትም (የቀኑ ሽያጭ ማጠቃለያ) በየማታው ከሲስተሙ የቀን ሽያጭ ጋር ይመሳከር። ልዩነት ካደረ ከየት እንደመጣ አይገኝም።

መሥራች አባል፦ ገጽ 2 ላይ «ለአባላት አዲስ ቁጥር ይሰጣል» የሚለው የማን ሐሳብ ነው? የእኔ ደብተር 007 ነው። በሙከራው ዝርዝር ላይ 7 ሆኖ ወጥቷል። ሁለቱ ዜሮ የት ገባ?

ኮምፒውተር ክፍል፦ ጋሼ፣ ኤክሴል ነው የጣለው። ከመጻፉ በፊት ኮለሙ ቴክስት መደረግ ነበረበት፤ ከተጻፈ በኋላ ቢቀየር ዜሮው አይመለስም። አዲስ መለያ ያስፈለገው ግን በሌላ ምክንያት ነው፦ የለቀቀ አባል ቁጥር ለአዲስ ገቢ ተሰጥቷል። 112 ላይ የሁለት ሰው ዕጣ (የአባልነት አክሲዮን) ተደርቧል፤ የትርፍ ድርሻ ሲከፈል ለማን ነው?

መሥራች አባል፦ የ112 ጣጣ 007ን አይመለከትም።

112፦ አይመለከትም? ዕጣ እኩል ነው የከፈልነው ጋሼ። ቁጥር ማነስ ማዕረግ ሆነ እንዴ?

መሥራች አባል፦ ይሄ ሱቅ ሲከፈት የት ነበርክ?

ቁጥጥር ኮሚቴ፦ ኧረ በዜሮ አትጣሉ! ዘይቱ ነው የጎደለው። ሻጩ ራሱ ሸጦ ራሱ መሰረዝ ከቻለ ሶፍትዌሩ ለሌባ የተመቸ ነው። የመሰረዣው ፓስወርድ ከሱቁ ውጭ ባለ ሰው እጅ ይሁን፣ የተሰረዘውም ከነምክንያቱ ይታይ።

ኮምፒውተር ክፍል፦ ሁለት ኮለም እናድርግ። የማይደገመው መለያ ውስጥ ይቀመጣል፤ የደብተር ቁጥሩ ከነዜሮው ይታያል።

መሥራች አባል፦ እንዲህ ከሆነ ተስማምቻለሁ። በካርድ ይታተምልን፣ ፎቶም ይኑረው። 112፣ ቅር አይበልህ።

112፦ ካርዱ ለእኔም ይድረሰኝ እንጂ።

ጸሐፊ፦ ካርድ ተጨምሯል። ገንዘቡ ስለማይበቃ ባርኮድ ማንበቢያው ይውጣ።

መጋዘን፦ ይውጣ፣ ልቅ ስኳር ባርኮድ የለውም። የሚያስፈልገው ሚዛን ነው ብዬ ነበር።

ጸሐፊ፦ ሚዛን በሁለተኛው ዙር። ቆጠራውን እንመራለን ያላችሁት ሁለታችሁ የት ናችሁ?

ጸሐፊ፦ መልስ የለም። አጀንዳው «የአባላት መታወቂያ ካርድና ተያያዥ ሲስተም» ተብሎ ገብቷል። ጉርድ ፎቶ እስከ ዓርብ።

ቁጥጥር ኮሚቴ፦ ፓስወርዱስ?

መሥራች አባል፦ አባላት 999 ካለፍን ቁጥሬ 0007 ሊሆን ነው?