በሜታኖል ያወጣሁት እንዶድ ቀንድ አውጣ አልገደለም፤ ለምን?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ሥራዬ እንዶድ ላይ ነው። የደረቀ ፍሬ ከገበያ ገዝቼ ወቀጥኩና ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ፈሳሽ) ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። አጣርቼ ሜታኖሉን ሳተነው ቡናማ፣ ሙጫ የመሰለ ነገር ቀረ። ውሃ ጨምሬ ስንጠው አረፋው ጉድ ነው! ሳፖኒን፣ ማለትም እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር፣ እንዳለው አያጠራጥርም። ከቦርከና ወንዝ ዳር የለቀምኳቸው ቀንድ አውጣዎች ግን ምንም አልሆኑም። እናቴ ነጠላ ለማጠብ በውሃ ከዘፈዘፈችው እንዶድ ባደርግባቸው ደግሞ በማግስቱ አንድም የተረፈ የለም። አማካሪዬ ምክንያቱን ይጠይቀኛል፤ እባካችሁ።

መምህር ከኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ ውጤትህን እንዳትጥለው፤ ትልቅ ነገር ነው ያየኸው። ፍሬው ደህና ነው፣ ልዩነቱን ያመጣው ሜታኖሉ ነው።

የእንዶድ ሳፖኒን መሃሉ በአብዛኛው ኦሊያኖሊክ አሲድ ነው፤ አምስት ቀለበት ያለው፣ ስብ የሚወድ፣ ትራይተርፒን የሚባለው የዕፅዋት ውህድ ዓይነት። ፍሬው ውስጥ እያለ ስኳር በሁለት በኩል ተያይዞበታል፦ ካርቦን 3 ላይና ካርቦን 28 ላይ። እንደዚያ ሆኖ አረፋ ያወጣል እንጂ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ተወቅጦ ውሃ ሲያገኝ ግን የፍሬው የራሱ ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን) የካርቦን 28ን ስኳር ይቆርጠዋል። የቀረው ባለ አንድ ወገን ሳፖኒን ነው ገዳዩ። አንዱ ጫፉ ውሃ፣ ሌላው ስብ ስለሚወድ የሕዋስ ሽፋን ላይ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ተጣብቆ ሽፋኑን ይበሳዋል። ሜታኖል ኢንዛይሙን ሥራ ያስፈታዋል። እናትህ በውሃ ስለዘፈዘፉት ሠራላቸው።

የጦሳ ልጅ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ! እንዴት ላረጋግጠው?

መምህር ከኮምቦልቻ፦
ዱቄቱን እኩል ከፋፍል። አንዱን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈህ አሳድር። ሌላውን በቀጥታ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ጨምረህ አፍላውና አሳድር፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ሦስተኛው የሜታኖሉ ይሁን። ባዶ ውሃ ለማነጻጸሪያ አትርሳ። የፈላው ካልገደለና ቀዝቃዛው ከገደለ ነገሩ ኢንዛይሙ ነው። ቲኤልሲ (ውህዶችን በስስ ንጣፍ ላይ የሚለይ ዘዴ) ካላችሁ የሲሊካ ዱቄት በተቀባ ሰሌዳ ላይ አሩጣቸው። ስኳሩ የተቆረጠው ከሜታኖሉ ከፍ ብሎ ይታይሃል፣ ስኳር ሲቀንስ ሲሊካው አይዘውማ።

የሰኞ ገበያዋ፦
እኔ ኬሚስትሪ አላውቅም፤ እንዶድ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ወቅጫለሁ። ሳይቀላ፣ በአረንጓዴው የተለቀመውን ፈልግ፣ ጠንካራው እሱ ነው። ስትወቅጥም አፍንጫና አፍህን በሻሽ እሰር። ብናኙ ያስነጥሳል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ አያድርስ ነው።

መምህር ከኮምቦልቻ፦
ልክ ናቸው። ጥናቶቹም ያልበሰለው ፍሬ ይበልጥ እንደሚገድል ነው ያሳዩት።

ጤና ባለሙያ (ደሴ)፦
ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነበር፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች። ከሳፖኒኖቹ አንዱም በስማቸው ለማቶክሲን ተብሏል።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ከወንዝ የለቀምከው ቀንድ አውጣ የብልሃርዚያ እጭ ሊለቅ ይችላል፤ እጩ ደግሞ በቆዳ ነው የሚገባው። ውሃውን ያለ ጓንት አትንካ። የእንዶዱን ውሃ ማንም እንዳይጠጣው። ኮሶ ያሽራል፣ ጽንስ ያስወርዳል እየተባለ የሚጠጡት አሉ፤ አደገኛ ነው። የተረፈውንም ቦርከና ውስጥ እንዳትደፋው፣ ዓሣ ይጨርሳል። ከወንዙ ርቀህ አፈር ላይ አፍስሰው፤ እዚያ ቶሎ ይበሰብሳል።