የ24 ሰዓት ሩጫ በሀረጎ መንገድ ያዋጣል ወይ?

የቦርከና ልጅ
ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሯጮች። የ24 ሰዓት ሩጫ ሪከርድ 319 ኪሎ ሜትር ነው የሚለውን ካነበብን ወዲህ ከጓደኛዬ ጋር አልተስማማንም። እሱ «ሀረጎን (በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን ዳገት) ወጥቶ የሚወርድ ሰው ይሄ አያቅተውም» ባይ ነው። ያሰበው ከኮምቦልቻ ደሴ እየተመላለስን ቀንና ሌሊት እንድንሮጥ ነው። ያዋጣል ትላላችሁ? ደግሞስ የኛ ሰው እዚህ ሩጫ ላይ ለምን ስሙ አይሰማም?

ጦሳ ስር
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን አስሉት እንጂ! ሊትዌንያዊው አሌክሳንደር ሶሮኪን በ2022 እ.ኤ.አ. ቬሮና ላይ የሮጠው 319.614 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ተኩል ማለት ነው። ማራቶንን በ3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ጨርሰህ፣ ሳታርፍ ደግመህ ደጋግመህ ሰባት ተኩል ማድረስ። በኛ መንገድ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ከሚሴ አካባቢ ይደርሳል። የበላህበትም ሽንት ቤት የገባህበትም አብሮ ይቆጠራል፣ ሰዓቱ አይቆምልህም።

ሀረጎን ተዉት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ገደማ ነው። ሰው ዳገቱን ይፈራል እንጂ ጭን የሚጨርሰው ቁልቁለቱ ነው፤ ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደትህን ሲይዝ ይጎዳል፣ ሁለት ሦስቴ ከወረድክ በኋላ ደረጃ መውረድ ራሱ ያቅትሃል። ሪከርድ የሚሰበረው ሜዳ ላይ፣ በአጭር ዙር ነው። ግሪካዊው ያኒስ ኩሮስ በ1997 እ.ኤ.አ. አደላይድ ላይ 303.506 ኪሎ ሜትር የሮጠው ትራክ ላይ ነው፣ ከ750 ዙር በላይ! እሱን ለማለፍ ራሱ እስከ 2021 ተጠብቋል።

በሶ በጨው
እግር እግር ትላላችሁ፣ ብዙውን ሰው የሚያስቆመው ግን ሆድ ነው። ሰውነት ያጠራቀመው ስኳር ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያልቃል፣ ስለዚህ እየሮጡ መብላት ግድ ነው። ሲርብህ ሳይሆን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በትንሽ በትንሹ። ቴምር፣ ድንች በጨው፣ ቀጠን ያለ በሶ፣ ሙዝ። ውሃ ብቻ መጋት ደግሞ አደገኛ ነው። ላብ ጨው ይዞ ይወጣል፣ ውሃው ሲበዛ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ይጀምርሃል፣ ሲብስ ራስህን ትስታለህ። አመመኝ ብሎ ማስታገሻ እየዋጡ መሮጥም ኩላሊት ይጎዳል፣ ኧረ ተጠንቀቁ።

ሆጤ ሰፈር
የኛ ሰው ለምን የለበትም ላልከው፣ መልሱ ብር ነው። ጎበዝ ሯጭ የከተማ ማራቶን አሸንፎ ቤት ይሠራል፣ የ24 ሰዓት ሩጫ ከዚያ ጋር የሚወዳደር ሽልማት የለውም። ለብዙዎቹ ከሥራ ጎን የሚሮጡት ነው። የዓለም አትሌቲክስ እንኳ የሚያጸድቀው ሪከርድ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል፣ የ24 ሰዓቱን የሚይዘው የአልትራ (ከማራቶን የሚረዝም ሩጫ) ሯጮች ዓለም አቀፍ ማኅበር ነው። «ስለማንችል ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም፣ ማን ሞክሮ አየ?

የቦርከና ልጅ
እሺ ገብቶኛል፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጓደኛዬ ግን ሀረጎን አልተውም ብሏል 😂 በሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ይመቻል እያለ ነው።

ጦሳ ስር
በሌሊት ሀረጎ ላይ? ሲኖው እየተምዘገዘገ? አባቴ፣ ይሄን እንዳታስቡት። ከፈለጋችሁ ኮምቦልቻ ላይ መኪና የማይበዛበት ደልዳላ ቦታ ፈልጉና አንድ ኪሎ ሜትር ለክታችሁ ዙሩት። ለመጀመሪያ 6 ሰዓት ይበቃችኋል፣ የ6 ሰዓት ውድድር ራሱን ችሎ አለ። ዙር የሚቆጥር ሰው ግን የማይሮጥ ይሁን፣ የደከመ ሯጭ ቁጥሩ ይጠፋበታል።

በሶ በጨው
ቆጣሪ ከጠፋ እኔ አለሁ። በሶውንም አመጣለሁ።