አስቸኳይ፦ ኤክሴል ላይ «ብር» አልሰለፍ አለኝ

ብሎኬት ቤት፦ ሰላም ቤተሰብ፣ በናታችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ቱሉ ዲምቱ ብሎኬትና አሸዋ የሚሸጥ ቤት ነው የምሠራው። ፕሮፎርማ እስከ 9 ሰዓት ማስገባት አለብኝ። «ብር» የሚለው ቁጥሩ ላይ ተለጥፎ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሆኗል። መሃል ላድርገው ብል ጭራሽ ባሰበት። አለቃዬ «እንዲህ ሆኖ ማህተም አልመታበትም» ብሏል።

የኮዬ ልጅ፦ ኤክሴል ነው ጉግል ሺት? ኮምፒውተር ነው ስልክ? ፎቶ አንስተሽ ላኪ እንጂ፣ ጠንቋይ አደረግሽን እኮ።

ሒሳብ ሹም፦ ርዕሱ ላይ ኤክሴል ብላለች። እህቴ፣ ኮለሙን ምረጪና ኮንትሮልና 1ን አንድ ላይ ተጫኚ። «ከረንሲ» ሳይሆን «አካውንቲንግ» የሚለውን ያዢ። ከረንሲ ምልክቱን ከቁጥሩ ጋር ስለሚያጣብቀው፣ ቁጥሩ ሲያጥርና ሲረዝም ምልክቱም ይዋልላል። አካውንቲንግ ግን ምልክቱን ከሴሉ ግራ ጠርዝ ያስይዘዋል። ነጥቦቹም ቁልቁል ይገጥማሉ።

ድሮ በደብተር፦ ቆይ፣ በየመስመሩ ብር ብር ማለት ምን ይሉታል? ከላይ «ዋጋ በብር» ብለሽ ጽፈሽ አትገላገዪም? ገዢው በዶላር ይከፍለኛል ብለሽ ሰግተሽ ነው? በኛ ጊዜ መዝገቡ ላይ የብሩም የሳንቲሙም ቦታ ተሰምሮ ይመጣ ነበር። ቀለም እንዳይፈስ እንጂ ቁጥር እንዳይጣመም ማንም አይጨነቅም። አሁን ማሽን አላችሁ፣ ሥርዓት የላችሁም።

ብሎኬት ቤት፦ አባባ ልክ ነዎት፣ ግን ቅጹ የገዢው ነው። በየመስመሩ ብር ይጻፍ ይላል። ሒሳብ ሹም፣ አካውንቲንግ አደረግኩት፣ ዶላር አመጣብኝ!! አንዳንዶቹ መስመሮች ደግሞ ንቅንቅ አላሉም።

ጨዋታ አዋቂ፦ ዶላር ከመጣልሽማ ዝም በይ፣ ለማንም እንዳትነግሪ 😂 የምር ግን ኮምፒውተርሽ ክልሉ አሜሪካ ተብሎ ስለተሞላ ነው። ንቅንቅ ያላሉት ላይ «ብር 1,250» ብለሽ በእጅሽ ጽፈሻል፣ አይደል? እነሱ ለኤክሴል ጽሑፍ ናቸው፣ ቁጥር አይደሉም። ወደ ግራ የተጠጉትም ለዚያ ነው። ድምሩ ደግሞ ይዘላቸዋል! 15 በመቶ ቫቱም ከጎደለው ድምር ላይ ነው የሚሰላው። ስለ ብሩ አሰላለፍ ከመጨነቅሽ በፊት ድምሩን በካልኩሌተር አመሳክሪ። ከዚያ ኮለሙን መርጠሽ ኮንትሮልና ኤች ተጫኚ፣ የመፈለጊያና የመተኪያ ሳጥን ይመጣል፤ ከላይ «ብር» ጻፊ፣ ከታች ባዶ ተዪው፣ «ሁሉንም ተካ» (ሪፕሌስ ኦል) የሚለውን ተጫኚ። ኮለሙ ቀድሞ «ቴክስት» ተብሎ ከሆነ መጀመሪያ «ጀነራል» አድርጊው።

አዲስ ገቢ፦ አካውንቲንግ አድርጊው፣ ይስተካከላል።

የኮዬ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ 😂

ሒሳብ ሹም፦ ለዶላሩ፦ እዚያው መስኮት ላይ ወደ ታች «ከስተም» አለ። ታይፕ የሚለው ሳጥን ውስጥ ያለውን አጥፊና ይህን ለጥፊ፦

"ብር"* #,##0.00_);"ብር"* (#,##0.00)

ኮከቧ ቀጥላ ያገኘችውን ምልክት እየደገመች ሴሉን ትሞላለች። እዚህ የምትደግመው ክፍት ቦታን ነው። ስለዚህ ከኮከቧ በኋላ ያለውን ክፍት ቦታ እንዳትውጪው፣ አለዚያ ሴሉ በመሰላል ምልክት (#) ይሞላል። ከሴሚኮለኑ በኋላ ያለው ለቅናሽ ነው፤ የተቀነሰው ቁጥር በቅንፍ ይወጣል። የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ያለችው የታች ሰረዝ (_) የቅንፏን ያህል ቦታ ትተዋለች፣ ነጥቦቹ እንዳይዛነፉ።

ድሮ በደብተር፦ መሃል አድርጌ ባሰበት ያለችውን ማን መለሰላት?

ሒሳብ ሹም፦ ልክ ነዎት ጋሼ። ያኔ ከረንሲ ላይ ስለነበረች፣ መሃል ሲባል ረጅሙም አጭሩም ቁጥር በየራሱ መሃል ይቆማል። ነጥቦቹ እንዴት ይግጠሙ? አሁን ደግሞ ኮከቧ ሴሉን ዳር እስከ ዳር ስለያዘችው የመሃል ቁልፉን ብትጫን ምንም አይንቀሳቀስም። ተበላሸ ብላ እንዳትደነግጥ።

ብሎኬት ቤት፦ ብሩ ተሰለፈ!! ግን ድምሩ ላይ ##### ብቻ ነው የሚታየኝ

ጨዋታ አዋቂ፦ ኮለሙ ጠብቦት ነው። ከላይ በኮለሙ ፊደልና በቀጣዩ መሃል ባለችው መስመር ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርጊ፣ ይሰፋል። ስትልኪው ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጊው። አንቺ ኒያላ በሚባለው የፊደል ዓይነት (ፎንት) የጻፍሽው እነሱ ጋ በሌላ ፊደል ከተከፈተ ስፋቱ ይለወጥና እንደገና መሰላል ምልክት ይሆንብሻል።

የኮዬ ልጅ፦ 9 ሰዓት አለፈ እኮ። ገባ?

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ያቺ የኮከቧ ነገር ጉግል ሺት ላይም ትሠራለች?

ሒሳብ ሹም፦ ትሠራለች። ፎርማት፣ ነምበር፣ ከዚያ «ከስተም ነምበር ፎርማት» ውስጥ ገብተህ ያችኑ ለጥፍ።