የደብራችንን ደን የተማሪዎቼ የምርምር ቦታ ላደርገው እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ደቡብ ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከትምህርት ቤታችን የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ርቆ፣ ዙሪያውን በጤፍና በገብስ ማሳ የተከበበ ጥንታዊ የደብር ደን አለ። ምእመናኑ ከማሳቸው በለቀሙት ድንጋይ የካቡት ቅጥር አብዛኛውን የደኑን ክፍል ሲይዝ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ጥቂቱ ግን ከቅጥሩ ውጭ ቀርቶ ከብት ይውልበታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመራማሪዎች መጥተው ዛፍ ሲለኩና ቅጠል ሲሰበስቡ ሰንብተው ነበር፤ ያገኙትን ግን እስከ ዛሬ ለደብሩም ለእኛም የነገረን የለም። በቅርቡ አንድ ተማሪዬ “እነዚያ ሰዎች ከእኛ ደን ምን አገኙ?” ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለት አጣሁ።

በአንድ ክፍል 68 ተማሪዎች አሉኝ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ በጀት የለም። ተማሪዎቹ ደኑን ጎብኝተው እንዲመለሱ ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ጥናት እንዲሠሩና ውጤቱንም ራሳቸው ለአካባቢው ሰው እንዲያቀርቡ እፈልጋለሁ። ምን ያጥኑ? ፈቃድ የሚጠየቀው ማን ነው? ያገኙትንስ ለገበሬውና ለካህናቱ በምን መልክ ያቅርቡት?

መልስ፦ የደን ሥነ ምህዳር ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

መምህርት፣ የተማሪዎ ጥያቄ የእኛን ሙያ የሚወቅስ ነው፤ ወቀሳውም ይገባናል። ስለ ደብራችሁ ደን የተገኘውን ባላውቅም በዞናችሁ የተሠራ አንድ ጥናት ልንገርዎት። ብዙ አንባቢ በልብ ወለድ ድርሰቶቻቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ተመራማሪ ሲሆኑ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተደምሮ 168 ዓይነት ዕፀዋት መዝግበዋል። ከብት እንዳይገባ በታጠረ ቦታ ወፍ ዘራሽ ችግኝ በተሻለ ሁኔታ እንደሚበቅልና እንደሚተርፍም አሳይተዋል። ይህን ለክፍልዎ ቢነግሩ የልጁ ጥያቄ በከፊል ይመለሳል።

ለተማሪዎችዎ የማቀርበው ጥያቄም ከዚሁ የሚነሣ ነው፦ “በቅጥሩ ውስጥና ከቅጥሩ ውጭ ስንት ወፍ ዘራሽ ችግኝ አለ?” አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ወፉንም፣ አፈሩንም፣ ነፍሳቱንም በአንድ ዓመት እናጥና ያለ ክፍል በሰኔ የሚያነበው ነገር አይኖረውም።

መሣሪያው ገመድ ነው። ስምንት ሜትር ገመድ በየሁለት ሜትሩ ቋጥረው ጫፍና ጫፉን ቢያስሩትና በአራት ካስማ ቢወጥሩት አራት ካሬ ሜትር ቦታ ይከልልልዎታል። ተማሪዎቹን በአሥር ቡድን ቢከፍሉና እያንዳንዱ ቡድን አንድ ካሬ በውስጥ፣ አንድ ካሬ በውጭ ቢይዝ፣ ከጉልበት በታች ያለውን ችግኝ በሙሉ በየዓይነቱ ቆጥሮ ለመጻፍ አንድ የቅዳሜ ጠዋት ይበቃል። ካሬው የሚያርፍበትን ቦታ ግን ተማሪዎቹ እንዲመርጡ አይፍቀዱ፤ ልጅ ሁልጊዜ ችግኝ ወደበዛበት ይሄዳልና። ቁጥር በወረቀት ጽፈው ዕጣ ያውጡ፤ ዕጣው የቅጥሩን ጥግ ይዘው ስንት እርምጃ እንደሚሄዱ፣ ከዚያም ስንት እርምጃ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚገቡ ይወስን። የውስጦቹ ካሬዎች ሁሉ መካከል ላይ እንዳይወድቁም ይጠንቀቁ። የደን ዳር ፀሐይና ነፋስ ስለሚበዛበት ይደርቃል፤ ስለዚህ የጥቅጥቁን ደን መካከል ከውጩ ዳር ጋር ካነጻጸሩ፣ ልዩነቱን ያመጣው ከብቱ ይሁን ድርቀቱ መለየት አይቻልም።

ቆጠራውን በጥቅምት ክረምት እንደወጣ፣ ከዚያም በግንቦት በጋው ሲያልቅ በዚያው ቦታ ላይ ይድገሙት። በጥቅምት ከበቀለው በበጋው ያለፈው ስንቱ ነው የሚለው ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምር ቁጥር ነው።

መልስ፦ ዲያቆን፣ ደብረ ታቦር

እኅቴ፣ ፈቃድ የሚጠየቀው የደብሩ አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤው ነው። ደብዳቤ ከርእሰ መምህሩ ማጻፍዎ አይቀርም፤ ከደብዳቤው በፊት ግን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄደው አባቶችን በቃል ያነጋግሩ። ቅጠል እንኳ ሳይቆረጥ በዓይን ብቻ እንደሚቆጠር፣ መቃብር ላይ ካስማ እንደማይተከል አስቀድመው ቃል ይግቡላቸው። የበዓልና የንግሥ ቀን አይምረጡ።

አንድ ነገር ደግሞ በወንድምነት ልናገር። በሥርዓቱ ምክንያት በዕለቱ ወደ ቅጥሩ የማይገቡ ልጃገረዶች ይኖራሉ፤ መግባት የማይፈልጉ የሌላ እምነት ተከታይ ተማሪዎችም ይኖራሉ። ማንም ምክንያቱን በጓደኞቹ ፊት እንዲናገር አይጠየቅ። ከላይ እንደተጻፈው ጥናቱ ያለ ውጩ ካሬ ከንቱ ነውና፣ እያንዳንዱ ቡድን ለሁለት ተከፍሎ የውስጡንና የውጩን በአንድ ጊዜ ቢቆጥር፣ ውጭ የሚሠራው ልጅ ከሥራው ግማሹን ያዘ እንጂ ከሥራው አልቀረም።

መልስ፦ የሳይንስ መምህር፣ መንዝ

እኔ ያለሁት ከጓሳ አጠገብ ነው። የጓሳ ሣር፣ ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ሕዝብ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠበቅ የኖረ በመሆኑ ተመራማሪ ይበዛበታል። ከልምዴ የምመክርዎት፣ የጥናት ውጤት ለልጆች ከመንገርዎ በፊት የሚያውቁትን እንዲጠይቋቸው ነው። በጓሳ የተሠራ አንድ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ እንደሚሳካለት አግኝቷል። ቁጥሩን ሳልናገር “ቀበሮ ጭላዳ መካከል ሲገባ ምን ይሆናል?” ብዬ ስጠይቅ፣ በበጋ ከብት የሚጠብቅ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ ተነሥቶ “ጭላዳው አይሸሽም፤ ቀበሮውም ግልገሉን አይነካም፤ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው” አለ። በዓመቱ ውስጥ እጁን አውጥቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን በሰሌዳው ላይ ስጽፈው ክፍሉ በሙሉ ስለ ምክንያቱ ተከራከረ።

ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው ነው፣ እንዶድ የብልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ወደ ማጥናት የሄዱት። ይህን ታሪክ ከመስኩ ቀን በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ ይንገሯቸው።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አስተዳዳሪውን አነጋግሬ ፈቅደዋል፤ በስምንት ተማሪዎች ሙከራም አደረግን። ሁለት ችግር ገጠመኝ። አንደኛ፣ ሁለቱ ቡድኖች “ጽድ” ብለው የጻፉት አንድ ዓይነት ችግኝ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ሁለተኛ፣ በውጩ ካሬዎች ምንም ችግኝ አልተገኘም ማለት ይቻላል፤ እዚያ የሚግጠው ከብት ደግሞ የራሳቸው የተማሪዎቹ ወላጆች ነው። ይህን በሰው ፊት ሲያቀርቡ ልጆቹን ከወላጅ ጋር እንዳላጋጫቸው እፈራለሁ።

መልስ፦ የደን ሥነ ምህዳር ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። የሀገሩን ጽድና የፈረንጅ ጽድን ብዙ ሰው በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ችግኛቸውን መለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ተማሪዎቹን መጀመሪያ ወደ ትልቁ ዛፍ ይውሰዷቸው። የሀገሩ ጽድ ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳና ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር የሚያደላ ነው፤ የፈረንጅ ጽድ ፍሬ ግን እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ክብ ነው። ሁለቱንም ከመሬት ለቅመው በእጃቸው ይያዙ። በአቅራቢያው የፈረንጅ ጽድ ጨርሶ ከሌለ የቆጠሩት የሀገሩ ነው ብለው መጻፍ ይችላሉ፤ ካለ ግን “ጽድ፣ ዓይነቱ ያልተለየ” ብለው ይመዝግቡ። እንዲህ ብሎ መጻፍ ስሕተት እንዳልሆነ ይንገሯቸው፤ እኛም እናደርገዋለን።

መልስ፦ ዲያቆን፣ ደብረ ታቦር

ስለ ሁለተኛው፣ ሰንበቴ በሚጠጣበት ቀን ሁለት ሰፌድ ይዘው ይምጡ። በቅጥሩ ውስጥ ለተቆጠረው ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ ባቄላ በአንዱ ሰፌድ፣ በውጭ ለተቆጠረው ደግሞ በሌላው ላይ ልጆቹ እየቆጠሩ ያስቀምጡ። የማንም ስም፣ የማንም ከብት አይጠራ፤ “መፍትሔውም ይህ ነው” አይበሉ። ሰፌዶቹን ለሽማግሌዎቹ አቅርበው “በእናንተ ልጅነት የምሥራቁ በኩል ምን ይመስል ነበር?” ብለው ይጠይቁና አንድ ተማሪ መልሱን በደብተር ይጻፍ። ያ ደብተር ከቆጠራው ጋር አብሮ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ፣ አንድ ግልባጭም ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ቢሰጥ፣ ነገ የሚመጣው ተመራማሪም ሥራውን የሚጀምረው ከልጆቹ ቁጥር ይሆናል።