ፍቅር እስከ መቃብር ላይ ቡና ደፋሁበት! ነገ ይመለሳል!

የማርቆሷ፦ እባካችሁ ቶሎ! የአክስቴ መጽሐፍ ነው። መሃሉ ጥብቅ ብሏል። ነገ ጠዋት ከቡሬ መጥታ ትወስደዋለች። በካውያ ብተኩሰውስ? እውነቱን ልናገር፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው የደፋሁት። ሰብለና በዛብህ ሰለቹኝ። የምነቃው ጉዱ ካሳ ብቅ ሲል ነው።

አያ ደጀን፦ ጉድ እኮ ነው! ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት፣ ያውም የእኛው የጎጃም መጽሐፍ! ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ቡናው ይበርድ ነበር እንጂ አይደፋም ነበር።

ሩዝ፦ ሩዝ ውስጥ ቅበሪው።

ጀበና፦ ስኳር ነበረው?

የማርቆሷ፦ ሦስት ማንኪያ።

ጀበና፦ በቃ፣ ተጣብቋላ።

ባሕር ዳር፦ ሰለቸኝ ያልሽው የፍቅር ልቦለድ ብለሽ ስለጀመርሽው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር እያማረጡ ልጃቸውን ሰብለን ቆማ ቀር አደረጓት። በዛብህም የስለት ልጅ ነው። ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

የማርቆሷ፦ ይገባኛል። እኔ ግን ፍቅር ሳነብ ሁለቱ ሲኳረፉ፣ ሲታረቁ፣ በማይረባ ነገር ሲሳሳቁ ማየት ነው የምወደው። እዚህ ጭንቀትና ልቅሶ ብቻ። አሁን ግን መጽሐፉ!

እቴ ሉሌ፦ እህቴ፣ ካውያውን ተይው። ገጾቹንም በግድ አትለያዪ፣ እርጥብ ወረቀት ይቀደዳል። በንጹሕ ሶፍት ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂ፣ አትፈትጊው። ከዚያ በሚከፈትልሽ ቦታ በየጥቂት ገጹ ነጭ ሶፍት አስገቢ፤ ሲርስ ቀይሪ። ጋዜጣ እንዳታስገቢ፣ ቀለሙ ያልፋል። ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ ይጣመማል። ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ከፈት አድርገሽ አቁሚው። ሊደርቅ ሲል ከባድ ነገር ጫኝበት። እድፉ አይለቅም፣ እስከ ነገም አይደርስልሽም።

ሩዝ፦ ሩዝ አልኩ እኮ።

አያ ደጀን፦ ሩዝ ለስልክ ነው፣ ለሱም አይሠራም።

ጀበና፦ ለአክስትሽ ደውይና «እስከ መቃብር አውሺኝ» በያት።

የማርቆሷ፦ ሶፍት እያስገባሁ ነው። አክስቴ ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ኧረ በዛብህ፣ ቁርጡን ተናገር!» ብላለች። ቡናው የደረሰው እዚያ ላይ ነው።

እቴ ሉሌ፦ እርሳሱን እንዳታሺው! አክስትሽ ምን አለች?

ሩዝ፦ ሩዝ ሞከርሽ?